ከመካከል ጀምር

ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ

መቶ ስድሳ ሦስት። ዛሬ ስም ጠርቼ ስጨርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት የጃፓንኛ ኮርሱን ስንጀምር አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከእነሱም አራቱ የገቡት ዝናብ ሊጠለሉ ነው። አሁን ወንበር አጥተው በመስኮት በኩል ቆመው የሚማሩ አሉ። ከወገዳና ከጋይንት ሳይቀር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመላለሱ አሉ። የካራቴ ክበብ አለን፣ ወረቀት ማጠፍ አለን፣ የፊደል መጻፍ ክፍለ ጊዜ አለን። ብሩሽ ስላልተገኘ እንደ ቁም ጸሐፊ ብርዕ ቀርጸን ራሳችን በበጠበጥነው ቀለም ነው የምንጽፈው። የግቢያችን ዲን ዶክተር ይበልጣል በሩ ላይ ባነር አሰቅሏል። "የጃፓን ቋንቋና ባህል ጥናት ማዕከል" የሚለው በትልቁ፣ "በምሥረታ ላይ" የሚለው በትንሹ ተጽፏል።

የሐረገ ወይንን ማመልከቻም ዛሬ ላክን። የወገዳ ልጅ ናት፤ እዚያው አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። ጃፓን ያለ አንድ ኮሌጅ ከአገራችን አንድ ሰው ብቻ መርጦ ለሁለት ዓመት ያስተምራል። ቪዲዮ ጠይቀው ስለነበር ከመጽሐፋችን እየቀነጨብኩ የሦስት ደቂቃ ንግግር ጻፍኩላት። በአንድ ሳምንት በቃሏ ያዘችው፤ አንድ ቦታ እንኳ ሳትደናቀፍ አወረደችው። የድጋፍ ደብዳቤውንም እኔ ጻፍኩ፣ በእንግሊዝኛ። ቅጹ ላይ "መልስ በየትኛው ቋንቋ ይላክልዎ?" የሚል ነበረ። እንግሊዝኛው ላይ ምልክት ልታደርግ ስትል "የእኔ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አትቀበልም" ብዬ ወደ ጃፓንኛው አዞርኳት። ሳቀች። እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አሁን ማታ ሳስበው፣ ወደ ጃፓንኛው ለማዞር ምን አስቸኮለኝ?

ሰኔ 14

ዮርዳኖስ የሚባል ተማሪ ከካርቱን ፊልም የሰማውን ዓረፍተ ነገር በስልኩ ቀድቶ መጣ። "ሴንሴይ" አለኝ፤ በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው፤ "ይኼ ምን ማለት ነው?" ሁለት ጊዜ አሰማኝ። "የመንደር አነጋገር ነው፤ እሱን አንማርም" አልኩት። ቅር እያለው ተቀመጠ። በዚህ ወር ሦስተኛው ጠያቂ ነው። ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከል አለብኝ።

ሰኔ 22

ዶክተር ይበልጣል ቢሮው አስጠራኝ። አዲስ አበባ የምትገኝ አንዲት ጃፓናዊት ፕሮፌሰር ሐምሌ 4 ትመጣለች፤ ማዕከሉ ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው እሷ በምትጽፈው ሪፖርት ነው። "አንተና እሷ በቋንቋችሁ ትጨዋወታላችሁ፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያችኋለን" አለኝ። ከልቡ ነው የሳቀው። እኔም ሳቅሁ።

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፍ። ጃፓንኛ አልችልም ማለቴ አይደለም። ናካታ የሚባል በጎ ፈቃደኛ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሊያስተምር መጥቶ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ሲሄድ ሁለት መጽሐፍና አንድ ሲዲ ትቶልኝ ሄደ። ጋይንት ቤተ ልሔም ሰባት ዓመት ድጓ ሲማር ለኖረ ሰው ሁለት መጽሐፍ ምን አላት? በአንድ ክረምት ከነድምፁ፣ ከነትንፋሹ በቃሌ ያዝኩት። በኋላ አንድ ጃፓናዊ እንግዳ ግቢውን ሊጎበኝ ሲመጣ ምዕራፍ አምስትን አወረድኩለት። ጎንበስ አለ፣ ደስ ብሎት የሆነ ነገር ተናገረ። እኔም ምዕራፍ ስድስትን ቀጠልኩ። ዶክተር ይበልጣል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ኮርሱ የተከፈተው በዚያ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ያለውን እችላለሁ። ከመጽሐፉ ውጭ ያለውንማ ሁሉን ማን ያውቃል?

ሐምሌ 2

"የኔታ ተክለ ማርያም በጠና ታመዋል፤ ቤተ ልሔም ሄጄ ላያቸው ነው" አልኩ። ዶክተር ይበልጣል ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ድጓ ያስተማሩኝን መምህር አትጠይቅ ሊለኝ አይችልም። ያከራዩኝ እማማ አበራሽ "እግዜር ይማርልህ ልጄ፣ እንዲህ ያለ መምህር የት ይገኛል" ብለው ዳቦ ቋጠሩልኝ። ዳቦውን ተቀበልኩ።

ሐምሌ 4፣ ቤተ ልሔም

መኪናው አስፋልቱ ላይ ጥሎኝ ሄደ፤ ቀሪውን በጭቃ በእግሬ መጣሁ። የኔታ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናቸው። ስገባ ምስክር ላይ ነበሩ። ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ በራሱ እጅ የጻፈውን ድጓ ይዞ፣ ሊያስመሰክር ፊታቸው ተቀምጧል። እዚህ የኔታ "አውቋል" ካላሉ በየትም ደብር ድጓ አስተምራለሁ ማለት የለም። ሰውየው ድምፁ ግሩም ነው፤ እንደ ውኃ ይወርዳል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሰሙት። ከዚያ አንድ ቦታ ጠሩና "ከመካከል ጀምር" አሉት።

 ሰውየው ከመጀመሪያው ተነስቶ በሹክሹክታ እየሮጠ ሊደርስበት ሞከረ። የኔታ እጃቸውን አነሱ።

"እየሮጥህ ብትደርስበት አወቅኸው አይባልም፤ እሱ ነው የወሰደህ። ሂድ ልጄ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥና ለዓመት ና።"

ጎልማሳው ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሳይከፋውም ወደ ልጆቹ ሄደ። እኔ እንደሱ ማድረግ አልችልም ነበር።

ማታ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ? የሄድህበት ትምህርት፣ ከመካከል ቢሉህ ትጀምረዋለህ?"

"ደህና ነኝ የኔታ" አልኩ።

"ደህና ነህ ወይ አላልሁህም" አሉኝ።

ሐምሌ 9፣ መካነ ኢየሱስ

ፕሮፌሰሯ ደስ ብሏት ሄደች። ዶክተር ይበልጣል እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ "ተማሪዎችህ ምዕራፍ አሥራ ሁለትን በአንድ ድምፅ አወረዱላት፤ አጨበጨበች። ከዚያ አንዱን ብድግ አድርጋ ጥያቄ ብትጠይቀው ልጁ አሥራ ሦስትን ቀጠለላት! እንዴት ያለ ትጋት ነው!" ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቅሁት። "ይህን ያህል የሚያስታውስ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ መምህራቸውን ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር" ማለቷን ነገረኝ። ለጥቅምት ደግሞ አንዲት ጃፓናዊት መምህርት ልታስልክልን ቃል ገብታለች። "አንተን እንድታግዝ" አለኝ።

ተማሪዎቹ ለየኔታ ብለው ማርና ጸበል አዋጥተዋል። ሐረገ ወይን ናት ያመጣችው፤ "ከልባችን ነው ሴንሴይ፣ ያድርሱልን" አለችኝ። ማሩ አልጋዬ ሥር ነው ያለው።

ሐምሌ 15

እማማ አበራሽ፦ "የኔታ ተሻላቸው?"

"እየተሻላቸው ነው።"

ሐምሌ 20

ዳታ ከተቋረጠ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ። የግቢውም ኢንተርኔት የለም።

ሐምሌ 26

ደብዳቤው መጣ። በፖስታ፣ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ነው የደረሰው። ሐረገ ወይን ፖስታውን ራሷ አልከፈተችውም፤ ከክፍል በፊት በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። "በኢሜይልም ልከው ይሆናል፤ ግን መክፈት አልቻልሁም። እርስዎ ያንብቡልኝ ሴንሴይ።" አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች ከበውናል።

ሁለት ገጽ ነው። ስሟን አየሁ። "ጃፓን" የሚለውን አየሁ። ቁጥሮች አየሁ። ሌላው እንደ ጥቁር ጠጠር ተደርድሯል።

"ወረቀቱን ለነገ ተይልኝ" ማለት ይቻል ነበር። "ይህን አላውቀውም፤ ባሕር ዳር የሚያውቅ እንፈልግ" ማለትም ይቻል ነበር። አውቶቡስ በየቀኑ ይሄዳል። እኔ ግን ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን በመስመሮቹ ላይ እያስኬድኩ፣ ገና ያላስተማርኩትን ምዕራፍ ሃያ ሁለትን አወረድኩ። ባቡር ጣቢያ ትኬት ስለሚገዛ ሰው ነው። ገጹንም በደንብ ቦታው ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ በአማርኛ "ተቀብለውሻል፤ እስክንጠራሽ በትዕግሥት ጠብቂ ይላሉ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ። እልል አሉ። ሐረገ ወይን አለቀሰች።

ደግሞም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ያህል የተማረች ልጅ ለምን አይቀበሏት? እምቢ ለማለትማ ሁለት ገጽ አይጽፉም።

ነሐሴ 3

በትንሿ መዝገበ ቃላት ልሞክር ብዬ ደብዳቤውን ጠየቅኋት። "አባቴ ጋ ነው፤ ከዳዊቱ ጋር አስቀምጦታል" አለች። ደብዳቤውን ለምን እንደፈለግሁ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

ነሐሴ 9

ምዕራፍ ሃያ ሁለትን ጀመርን። ተማሪዎቹ በሁለት ቀን ያዙት።

ሐረገ ወይን ከትምህርት ቤቷ ለቀቀች። "መስከረም ላይ ድንገት ጥያቸው ብሄድ ልጆቹ ያለ መምህር ይቀራሉ፤ ከአሁኑ ሰው ይተኩ ብዬ ነው" አለችኝ። ቆይ እንጂ፣ አትቸኩዪ ማለት ይቻል ነበር። አፌ "ጥሩ አድርገሻል" አለ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነሐሴ 12

አባቷ አያ ቻላቸው ከወገዳ ድረስ መጡ። ለፍልሰታ ጾም ብለው በሶ በስልቻ ተሸክመው። በእጥፍ የሚበልጡኝ ሰውዬ ትከሻዬን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ የምገባበት ጠፋኝ። "የልጄን ዓይን አብርተዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ በእርስዎ ዓይን ነው የማየው" አሉኝ። እማማ አበራሽ እንባቸውን ጠረጉ።

በሶውን አልበላሁትም። ለእማማ ሰጠኋቸው።

ነሐሴ 20

ምንም የለም። ዝናብ። ክፍል ሞልቶ ነበር፤ አዲስ ተመዝጋቢ ስምንት።

ጳጉሜን 1

ዳታ ተለቀቀ። ከተማው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ልጆች በዝናቡ ሲጠመቁ፣ ሐረገ ወይን ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ቤቴ ድረስ መጣች። ፀጉሯ ላይ ውኃ አለ። እማማ አበራሽ ወንበር ሰጧት።

"ሴንሴይ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ። በደንብ ልስማው ብዬ ነው።"

አነበብኩላት። እንደ በፊቱ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሷ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው፤ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ትጉህ ልጅ ናት፤ ሲነበብ መከተል ትወዳለች። ስጨርስ "በአማርኛስ?" አለች። ነገርኳት፤ ተቀብለውሻል፣ ጠብቂ ይላሉ።

"እሺ" አለች።

"ደብዳቤውን ለአንድ ቀን ተይልኝ" አልኳት። ስልኩ አሁን ይሠራልና ፎቶ አንስቼ በእሱ ላስተርጉመው ብዬ ነው።

"አባቴ ይፈልገዋል" ብላ ጠቅልላው ወጣች። ተሰናበተችኝ፤ ግን ሴንሴይ አላለችኝም። ወይም ዝናቡ ሸፍኖብኝ ይሆናል።

መስከረም 10 ቀን 2018

ሁለተኛ ቅዳሜዋ ነው። አልመጣችም። የጉዞ ዝግጅት ይሆናል።

እማማ አበራሽ የኔታን ጠየቁኝ። ደህና ናቸው አልኩ።

መስከረም 12

ልጻፈው።

ዶክተር ይበልጣል ጠዋት ጠራኝ። ፕሮፌሰሯ ኢሜይል ልካለታለች። "ሐረገ ወይን ለምን ሳትመልስላቸው ቀረች?" አለኝ። ኮሌጁ ቦታውን ሰጥቷት ነበር። የጤና ምርመራ ወረቀትና "እመጣለሁ" የሚል መልስ እስከ ነሐሴ 20 እንድትልክ ጽፈውላት ነበር። አልላከችም። ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጠ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት፤ እሱም ሌላ ሰው ሆነ።

"እሷ ራሷ ለኮሌጁ ጽፋ ነበር አሉ" አለኝና አትሞ ያስቀመጠውን ወረቀት ገፋልኝ። በእንግሊዝኛ፣ አጭር ናት። ደብዳቤው ዘግይቶ እንደደረሳት፣ ጥፋቱ የመንገዱና የኢንተርኔቱ እንደሆነ፣ መምህሯ ብዙ እንደረዷት፣ አሁንም ዕድል ካለ እንዲያስቧት። ከሥሩ ቀኑ አለ። ጳጉሜን 1 ይሆናል በእኛ።

ጳጉሜን 1። እኔ ጋ የመጣችው በ3 ነው።

ስልኳ በተከፈተ በዚያው ቀን በእሱ አስተርጉማ አንብባዋለች። ቀኑ ማለፉን አውቃለች፣ ለምናቸዋለች፣ ስሜን ሸፍናልኛለች፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቆይታ በዝናብ መጥታ፣ እውነቱን እንድናገር ፊቴ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ምዕራፍ ሃያ ሁለትን ደግሞ ነሐሴ ላይ ራሴ አስተምሬያታለሁ። ትኬት ሻጩ ለሰውየው የሚመልስለትን ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የነበረው ለዚህ ነው። እያየሁት አላየሁም፤ ማየት ስላልፈለግሁ።

ዶክተር ይበልጣል "መንገዱ ነው የጎዳን" እያለ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲያውም "አዎ" ያልኩ ይመስለኛል።

መስከረም 13

ትምህርት አላስተማርኩም። አሞኛል አልኩ። ማሩን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አየሁት፤ መልሼ አስገባሁት።

መስከረም 18

መስቀል አለፈ። እስከ መቼ?

መስከረም 24፣ ወገዳ

መኪናው ጭቃ ይዞት ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ስደርስ ሐረገ ወይን ደጃፋቸው ላይ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። ስታየኝ ተነሳች፤ ወንበር አወጣችልኝ። ተቀምጣ መፈልፈሏን ቀጠለች። ጀመርኩላት፤ ከናካታ፣ ከሁለቱ መጽሐፍ። አቋረጠችኝ።

"እሱን አውቄዋለሁ። ከመጀመሪያው አይጀምሩብኝ።"

 ስልቻ ሙሉ ሰበብ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አንዱም አልወጣም። በመጨረሻ "ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ አልችልም ማለት አፈርኩ" አልኩ። ይህን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

"ትምህርት ቤቱ በቦታዬ ሰው ቀጥሯል" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ለኮሌጁ ዘገየብኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ለሰው አገር ሰው ነው ያልሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አባቴን ግን አልዋሽም። አሁንም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ልትሄድ ነው ይላል። እርስዎ ያንብቡለት።"

ከዳዊቱ ሥር ደብዳቤውን አምጥታ ሰጠችኝ። በእያንዳንዱ መስመር መካከል በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል አማርኛውን ጽፋበታለች። አንዳንዱን ሰርዛ አሻሽላዋለች። ከጳጉሜን ጀምራ ቃል በቃል ስትሠራው ከርማለች ማለት ነው። እኔ አስተምሬያት አይደለም።

አያ ቻላቸው ከገብሱ ማሳ ሲመለሱ አዩኝ፤ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። "ቀኑን ቆረጡላት?" አሉ። በእርሳስ የጻፈችውን አነበብኩላቸው። ቦታ እንዳገኘች ስንነግራት ደስ ይለናል ይላል። እስከ ነሐሴ 20 መልስና የጤና ወረቀት ካልደረሰን ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ይላል። ልንቀበላት በናፍቆት እንጠብቃለን ይላል፣ መጨረሻው ላይ።

"አንዴ ይድገሙልኝ።"

ደገምኩላቸው።

"ነሐሴ ሃያ አልፏል እኮ።"

"አልፏል።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ያነበቡላት ምኑን ነበር?"

"አላነበብኩም አያ ቻላቸው። ማንበብ አልችልም ነበር። ያነበብኩ አስመስዬ ነው።"

 ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት፣ ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን አደረጉት። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ደግሞ" አሉ፣ "ይህን ወረቀት ማታ ማታ እያወጣሁ ሳየው፣ ማንበብ የማልችል እኔ ብቻ መስሎኝ አፍር ነበር።"

ሐረገ ወይን ባቄላውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ተነስቼ ልሂድ ስል አያ ቻላቸው "መሽቷል፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ እዚሁ ያድራሉ" አሉኝ። እራት ቀረበ። አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ።

መስከረም 28፣ መካነ ኢየሱስ

ለዶክተር ይበልጣል ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ "ከጃፓናዊው እንግዳ ጋር ስታወራ ጆሮዬ የሰማውን?" አለ። ከዚያ በሩን ዘጋ። "ማዕከሉ እስኪመረቅ ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ። መቶ ሰባ አንድ ተማሪ ነው ያለህ" አለኝ። ለፕሮፌሰሯና ለኮሌጁ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ልኬ ነው የመጣሁት አልኩት። ባነሩን በመስኮት ያየው ነበር።

ጥቅምት 2

ማሩን ለየኔታ ላክሁት። እማማ አበራሽ እንደ ልማዳቸው "ተሻላቸው?" ሲሉኝ "ድሮም አልታመሙም እማማ፤ ዋሽቼ ነው" አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። "ዳቦዬን ግን በላኸው" አሉኝ።

ጥቅምት 8

አዲሷ መምህርት ትናንት ገብታለች። ምዝገባ ዛሬ ነበር፤ ወረቀቱ ባነሩ ሥር በር ላይ ተለጥፏል። ተማሪዎቹ እስኪሄዱ ጠብቄ በተማሪነት ስሜን ከመጨረሻው ጻፍኩ። ከሰዓት ዶክተር ይበልጣል "በስህተት የገባ" ብሎ ሰርዞት አገኘሁ። መልሼ ጻፍኩት።

ሁለተኛ ስጽፈው ነው ከላዬ ያለውን ስም ያየሁት። ጠዋት አልነበረም። እንደሌሎቹ በአማርኛ አይደለም፤ በጃፓን ፊደል ነው፣ በብርዕ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ሐረገ ወይን ቻላቸው፣ ወገዳ ይላል። እሱን ማንበብ እችላለሁ።